ቅርጫቱ ለልጆች ዝቅ ይበል

ዛሬ ስለ ልጆች ጨዋታ እንነጋገር። የጨዋታው ስም የቅርጫት ኳስ ነው።

«ጨዋታ ደግሞ ምን ያስጽፋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንጨት አለ፤ ውኃ አለ፤ ከብት አለ። ለኳስ ጊዜ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ትክክል ነው። በኋላ እንመለስበታለን። አሁን ግን አንድ ነገር እናስቀድም። ልጆች ጊዜ ባይሰጣቸውም ይጫወታሉ። ጨርቅ ጠቅልለው በሲባጎ አስረው ኳስ ይሠራሉ። ከብት እየጠበቁ ይራገጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ?» አይደለም። ጥያቄው «ማን ያጫውታቸው? እንዴትስ ያጫውታቸው?» ነው።

በአንዳንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ቆመው ይታያሉ። ከላይ ክብ ብረት አለባቸው። ትንንሽ ልጆች ከሥሩ ይቆማሉ። ኳሱን ወደ ላይ ይወረውራሉ። ኳሱ ብረቱ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። አንድ ቀን ይሞክራሉ። ሁለት ቀን ይሞክራሉ። በሦስተኛው ቀን ይተዉታል። ልጁ ጨዋታውን ጠልቶ አይደለም። «እኔ አልችልም» ብሎ ነው የሄደው። «አልችልም» የሚለውን ቃል በሜዳ የለመደ ልጅ ክፍል ውስጥም ይዞት ይገባል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

እናንተ አንባቢዎቻችን ይህን ነገር በደንብ ታውቁታላችሁ። መማር የጀመራችሁ ቀን ወፍራም መጽሐፍ አልተሰጣችሁም። የተሰጣችሁ ሀ ሁ ነው። ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ሄዳችሁ። ይኸው ዛሬ ጋዜጣ ታነባላችሁ። የልጆች ጨዋታም እንደዚሁ ሀ ሁ አለው።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ሁለት ቡድን ይጋጠማል። በእያንዳንዱ ቡድን 5 ሰው ይሰለፋል። በሜዳው ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ቅርጫት ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ስሙ ቅርጫት ይባል እንጂ ዛሬ እውነተኛ ቅርጫት አይደለም። መረብ የተንጠለጠለበት የብረት ቀለበት ነው። የቀለበቱ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱ በእጅ ነው የሚያዘው። በእግር አይመታም። ኳሱን ከላይ ወደ ታች በቀለበቱ ውስጥ ያሳለፈ ቡድን ነጥብ ያገኛል።

ለጀማሪ ሁለት ሕግ ይበቃዋል። አንደኛ፣ ኳስ ታቅፎ መሮጥ አይፈቀድም። መሄድ የፈለገ ልጅ ኳሱን በአንድ እጁ መሬት ላይ እያነጠረ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ መግፋት፣ መጎተት፣ መጥለፍና መምታት አይፈቀድም። እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ልጅ ጨዋታውን መጀመር ይችላል። ሌላው ሕግ ቀስ እያለ ይደረስበታል።

ጨዋታው ከየት መጣ?

ይህን ጨዋታ የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል ሰው ነው። በ1861 ዓ.ም. በካናዳ አገር ተወለደ። እዚህ ላይ የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። ያደገው በአጎቱ ዘንድ፣ የእርሻ ሥራ እየሠራ ነው።

በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር የድንጋይ ውርወራ ይጫወት ነበር። በትልቅ ድንጋይ ላይ ትንሽ ድንጋይ ይቀመጣል። ልጆቹ ከሩቅ እየወረወሩ ያንን ትንሽ ድንጋይ ይጥሉታል። ዒላማ መትቶ መጣል ለእኛም እረኞች እንግዳ አይደለም። ኔይስሚዝ ከዚያ ጨዋታ አንድ ብልሃት ያዘ። በኃይል ከተወረወረ ድንጋይ ይልቅ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ጎበጥ አድርጎ የተወረወረ ድንጋይ ዒላማውን ያገኛል።

ካደገ በኋላ አስተማሪ ሆነ። በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወ.ወ.ክ.ማ. ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ወ.ወ.ክ.ማ. በእኛም አገር የሚታወቅ የወጣቶች ማኅበር ነው። ወቅቱ የብርድና የበረዶ ወቅት ነበር። ተማሪዎቹ ውጭ ወጥተው መጫወት አልቻሉም። አዳራሽ ውስጥ ተዘግተው ተሰላቹ። ረበሹም። አለቃው ኔይስሚዝን ጠርቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ጨዋታ እንዲፈልግ አዘዘው።

ኔይስሚዝ አሰበ። ሰው ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሌላው ይጠልፈዋል። በጠባብ አዳራሽ የወደቀ ሰው ደግሞ ይሰበራል። ስለዚህ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ። ግቡ መሬት ላይ ከሆነ ኳሱ በኃይል ይመታል። ስለዚህ ግቡን ከሰው ራስ በላይ ሰቀለው። ያን ጊዜ ከጉልበት ይልቅ ብልሃት ያስፈልጋል።

የትምህርት ቤቱን ሠራተኛ ሁለት ሣጥን ጠየቀው። ሠራተኛው ሣጥን አጣ። ኮክ የሚለቀምበት ሁለት ቅርጫት አመጣለት። ኔይስሚዝ ቅርጫቶቹን በአዳራሹ ሰገነት ላይ በምስማር መታቸው። 18 ተማሪዎቹን 9 ለ9 ከፈላቸው። 13 ሕግ አወጣ። የእግር ኳስ ሰጣቸውና ተጫወቱ። ይህ የሆነው በታኅሣሥ ወር፣ ከዓድዋ ጦርነት 4 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ጨዋታ የገባው አንድ ኳስ ብቻ ነበር። ቅርጫቱ ከታች ድፍን ስለነበረ ኳሱ እዚያው ቀረ። ሰው ወጥቶ ማውረድ ነበረበት።

ጨዋታው ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። የወንዶች ውድድር በ1936 ዓ.ም. በበርሊን ኦሊምፒክ ገባ። ኔይስሚዝም እዚያ ተገኝቶ አየው። በ1939 ዓ.ም. ሞተ። የሴቶች ውድድር በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ገባ።

የቅርጫቱ ከፍታ ለምን 3 ሜትር ሆነ?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የአዋቂዎች ቅርጫት ከመሬት እስከ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ልክ ከየት መጣ? ሐኪም መርምሮ አላወጣውም። የልጅ ቁመት ታይቶም አልተወሰነም። የዚያ አዳራሽ ሰገነት ከፍታው ያን ያህል ስለነበረ ነው! ቅርጫቱ እዚያ ስለተመታ ልኩ እስከ ዛሬ ቀረ። ያን ቀን የተጫወቱት ደግሞ ጎልማሶች ነበሩ።

ታዲያ የ8 ዓመት ልጅ በጎልማሳ ልክ ለምን ይጫወታል? በአባትህ ሞፈርና ቀንበር እረስ አንለውም። የአባቱን ጫማ አናደርግለትም። ለኳሱስ ለምን እንዲህ እናደርገዋለን?

ይህን ያስተዋለ ሰው ነበር። ስሙ ጄይ አርቸር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አገር በስክራንተን ከተማ ለልጆች ቅርጫቱን ዝቅ አደረገ። ኳሱንም አሳነሰ። ዛሬ እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆነው ጨዋታ በዓለም የታወቀ ሆኗል። ሚኒ የቅርጫት ኳስ ይባላል። ሚኒ ማለት ትንሽ ማለት ነው። የቅርጫቱ ከፍታ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው እጁን ዘርግቶ ዘለል ሲል ሊነካው ይችላል። ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆች ከዚያም ዝቅ ቢል መልካም ነው።

የትልልቅ ወንዶች ኳስ 600 ግራም ያህል ይመዝናል። የልጆቹ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ኳስ ስትገዙ የተጻፈበትን ቁጥር አንብቡ። 7 ቁጥር የአዋቂ ወንዶች ነው። 6 ቁጥር የአዋቂ ሴቶች ነው። 5 ቁጥር የልጆች ነው። ቁጥር ማንበብ ጥቅሙ ይኸው አይደል? ነጋዴው ያለውን ሳይሆን የሚያስፈልጋችሁን ትገዛላችሁ።

ቅርጫቱ ሲርቅበት ልጁ ምን ያደርጋል? ኳሱን ከጉልበቱ ሥር ያነሳል። ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል። ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል። ይህ መጥፎ ልማድ ይሆናል። ካደገም በኋላ አይለቀውም። ቅርጫቱ ዝቅ ካለለት ግን በትክክል መወርወር ይለምዳል። ኳሱም ይገባለታል። ኳስ የገባለት ልጅ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

መጫወቻውን እናዘጋጅ

የአዋቂዎች ሜዳ ርዝመቱ 28 ሜትር፣ ስፋቱ 15 ሜትር ነው። ለልጆች 20 በ11 ሜትር ይበቃል። ያም ካልተገኘ በግማሽ ሜዳና በአንድ ቅርጫት መጫወት ይቻላል። መሬቱ እንደ አውድማ የተደለደለና ጠንካራ ይሁን። ለስላሳ አፈር ላይ ኳስ አይነጥርም። ድንጋይ፣ እሾህና የጠርሙስ ስባሪ ይለቀም። ብዙ ልጅ በባዶ እግሩ ነው የሚጫወተው።

ለምሰሶ ደረቅና ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ይሆናል። ርዝመቱ 4 ሜትር ያህል ይሁን። 1 ሜትሩ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። በድንጋይና በአፈር ደህና ተደርጎ ይጠቅጠቅ። ከላይ የጣውላ ሰሌዳ ይመታበት። ለቀለበቱ ብረት የሚበይድ ሰው ይፈለግ። እሱም ካልተገኘ ከታች የተቆረጠ ጠንካራ ቅርጫት ይታሰር። ጨዋታው የተጀመረው በዚሁ ነው እኮ! ስለታም ጫፍና የወጣ ምስማር አይኑረው። በምሰሶው ላይ ጭድ የሞላ ጆንያ ይጠምጠምበት። ሮጦ የመጣ ልጅ እንዳይጎዳ ነው።

አሁን የምንለውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልጅ በቀለበቱ ላይ አይንጠልጠል! የወደቀ ምሰሶ ልጅ ሊገድል ይችላል። የተቀበረውን እንጨት ምስጥ ይበላዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ሰው ምሰሶውን ገፋ አድርጎ ይፈትሸው። ከተነቃነቀ ጨዋታው ይቁም። ምሰሶው ይለወጥ።

ሀ ሁ

ልጆችን የሚያሠለጥን ሰው ትልቅ ተጫዋች መሆን የለበትም። መምህር ሊሆን ይችላል። ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ሊሆን ይችላል። የሚከተለውን በተራ ካስተማረ ይበቃል።

ሀ. እግር። መጀመሪያ ያለ ኳስ ይሩጡ። ፊሽካ ሲነፋ ባሉበት ይቁሙ። ሲቆሙ ጉልበታቸውን ሸብረክ፣ እግራቸውን ከፈት ያድርጉ። መቆም ያልቻለ ልጅ ኳስ ይዞ ይወድቃል፤ ሰውም ይጥላል። በአንድ እግር ተተክሎ በሌላው መዞርንም ይልመዱ።

ለ. መያዝና ማቀበል። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቁሙ። ርቀታቸው 3 ሜትር ያህል ይሁን። ሰጪው ኳሱን ከደረቱ ይግፋው። ተቀባዩ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳየው። ፊቱን የሚያዞር ልጅ ኳሱን ፈርቷል ማለት ነው። እሱን ርቀቱን አሳጥሩለት። በጨርቅ ኳስ ይጀምር። የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ለመያዝና ለመወርወር ግን ጥሩ ነው። ሲመታም አያምም።

ሐ. ማንጠር። ኳሱ በመዳፍ አይመታም። በጣቶች ይገፋል። ከወገብ በላይ አይዝለል። ዓይን ደግሞ ኳሱ ላይ ተተክሎ አይቅር። ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለ። አሰልጣኙ ፊታቸው ቆሞ ጣቱን ያውጣ። «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆቹ እያነጠሩ «ሦስት! አምስት!» ብለው ይመልሱ። ቀና ካላሉ አያዩም። ቀኝ እጅ ከለመደ በኋላ ግራ እጅም ይማር።

መ. መወርወር። ከቅርብ ይጀመር። ከቅርጫቱ አንድ ትልቅ እርምጃ ርቀት ይበቃል። ጉልበት ሸብረክ ይላል። የሚወረውረው እጅ ከኳሱ ሥር ይሆናል። ሌላው እጅ ከጎን ይደግፋል። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ይሂድ። የኔይስሚዝን ድንጋይ አስታውሱ። ከቅርብ 5 ጊዜ ወርውሮ 3 ያስገባ ልጅ አንድ እርምጃ ይራቅ።

ሠ. መከላከል። ልጁ በተጋጣሚውና በቅርጫቱ መካከል ይቁም። እጁን ይዘርጋ። አይያዝ፤ አይግፋ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት አያልቅም። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ሠላሳ ልጅ፣ አንድ ኳስ

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 30 ልጆች በአንድ ረድፍ ተሰልፈዋል። ኳሱ አንድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለመወርወር 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። 30 ጊዜ 20 ስንት ነው? 600 ሰከንድ ነው። ይህም 10 ደቂቃ ማለት ነው። አንድ ልጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኳሱን አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ያሳልፋል። ቆሞ የሰለቸ ልጅ ይገፋፋል፤ ይጣላል። ከዚያም «ባለጌ ነው» ይባላል። ባለጌው ግን ረጅሙ ሰልፍ ነው።

መፍትሔው መከፋፈል ነው። 30ዎቹን በ5 ቦታ እናድርጋቸው። በአንድ ቦታ 6 ልጅ ይሆናል። አንዱ ቡድን በእውነተኛው ኳስ ቅርጫቱ ላይ ይወርውር። ሁለተኛው በጨርቅ ኳስ ይቀባበል። ሦስተኛው መሮጥና መቆም ይለማመድ። አራተኛው ያለ ኳስ መከላከልን ይለማመድ። አምስተኛው መሬት ላይ በተቀመጠ ቅርጫት ውስጥ የጨርቅ ኳስ ይወርውር። በየ8 ደቂቃው ቦታ ይለዋወጡ። በ40 ደቂቃ ሁሉም ሁሉንም ይሠራል።

ጨዋታውንም 3 ለ3 አድርጉት። 5 ለ5 ሲሆን ጉልበተኞቹ ኳሱን ይይዙታል። ታናናሾቹ ሲሮጡ ብቻ ይውላሉ። 3 ለ3 ሲሆን ግን መደበቂያ የለም። ኳሱ ለሁሉም ይደርሳል። ይህ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2021 ዓ.ም. በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አዋቂዎች 3 ለ3 በአንድ ቅርጫት ተወዳድረዋል።

ሴቶች ልጆችስ?

ጨዋታው በተፈጠረ በዓመቱ፣ በ1892 ዓ.ም. ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረችው። ያን ጊዜ በዚያም አገር «ሴት ደካማ ናት፤ መሮጥ ይጎዳታል» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሴቶቹ ግን ተጫወቱ። ምንም አልሆኑም።

በእኛ መንደር ሴት ልጅን ከሜዳ የሚያስቀራት ድካም አይደለም። ጀሪካኑ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ይጠብቃታል። ወንድሟ ኳሱ ጋ ይቀራል። እሷ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። እናስብበት። በሳምንት ሁለት ቀን ወንድሟ ጀሪካኑን ቢያነሳ ምን ይጎድላል? አህያ ካለችስ?

አሰልጣኙም የበኩሉን ያድርግ። አንዳንድ ወላጅ እንዲህ ይላል።

«መምህር፣ ልጅቷ ትመሻለች እኮ።»

መልሱ ይህ ይሁን።

«እውነትዎን ነው አባባ። ልክ በ10 ሰዓት ተኩል እንለቃቸዋለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከጓደኞቿ ጋር ቤቷ ትደርሳለች።»

ከዚያ በኋላ በ10 ሰዓት ተኩል መልቀቅ ነው! ቃሉን ያልጠበቀ አሰልጣኝ በማግሥቱ ልጅ አያገኝም። ልጅቷም በቀሚሷ ሥር ሱሪ ብትለብስ ሳታፍር ትሮጣለች።

ምላስ ከኳስ ይከብዳል

ልጅ ኳስ ጣለ እንበል። አሰልጣኙ «አንተ ደንቆሮ!» ቢለው ልጁ ምን ይማራል? ኳስ መያዝን አይማርም። ኳሱን መፍራት ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ኳሱ ሲመጣ ይሸሻል።

ይልቅ እንዲህ ይባል። «አይዞህ። እጅህን ቀደም ብለህ ዘርጋ። በል ድገመው።» ለሴቷም «ጎሽ የኔ ልጅ፤ አሁን ደግሞ ጉልበትሽን ሸብረክ አድርጊ» ይባል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይታረም። አምስት ስሕተት ባንዴ የተነገረው ልጅ አንዱንም አያርምም። ፊደል ስትጽፉ አስተማሪያችሁ አንድ አንዱን ነው ያረመላችሁ።

ወላጆችም ከሜዳው ዳር ሆነን አንጩኽ። ተመልካች በጨዋታ መግባቱ የቆየ ነገር ነው። በድሮው አዳራሽ ሰገነት ላይ የተቀመጡ ሰዎች እጃቸውን እየሰደዱ ኳሱን ይገፉ ነበር። ከቅርጫቱ ኋላ ያለው ሰሌዳ የተሠራው እነሱን ለመከልከል ነው። ዛሬ ሰሌዳው የእጅን ጣልቃ ገብነት ይከለክላል። የአፍን ግን አይከለክልም። አፋችንን የምንጠብቀው እኛው ነን። እጃችን ግን ለማጨብጨብ ነፃ ነው።

ልጅ ቢጎዳ

ሮጦ የሚጫወት ልጅ ይወድቃል። እግሩ ወለም ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ወዲያው ይቀመጥ። እግሩን ከፍ ያድርግ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግለት። በዚያን ሰዓት አይታሽ፤ አይጎተት። መርገጥ ካቃተው ወይም አጥንቱ ከተጣመመ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አጥብቆ ማሰር አደገኛ ነው። ደም ካልተዘዋወረ እጅ ወይም እግር ይሞታል። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ስለዚህ ቀላል አይደለም።

በጨዋታ መካከል ውኃ ይጠጡ። ፀሐይ ሲበረታ በጥላ ይረፉ።

ደብተርና እርሳስ

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። «እኛ ኳስ አንችል። ምን እናግዛለን?» ትሉ ይሆናል። ማንበብና መጻፍ ትችላላችሁ! ሜዳው ጸሐፊ ይፈልጋል።

አንድ ደብተር ይያዝ። የልጆቹ ስም በተራ ይጻፍ። ከስሙ ጎን ማን እንደመጣ ምልክት ይደረግ። ማን እንደተጫወተም ይጻፍ። ማን ስንት አገባ የሚለው በመጨረሻ ይምጣ። ከወር በኋላ ደብተሩ ይነበብ። ሁለት ጊዜ መጥቶ የቀረ ልጅ ይታያል። ሁልጊዜ መጥቶ ያልተሰለፈም ይታያል። ዓይን ያላየውን ደብተር ያሳያል። ያን ጊዜ ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ወደዚያ ልጅ ቤት ትሂዱ። «ለምን ቀረህ?» በሉት። ምናልባት ውኃ መቅዳት ነው። ምናልባት ትልልቆቹ ገፍተውት ነው። ምናልባትም ማንም ኳስ አላቀበለውም። ለሦስቱም መድኃኒት አለው።

ነጥብ ስትመዘግቡ ደግሞ ይህን እወቁ። በጨዋታ መካከል የገባ ኳስ 2 ነጥብ ነው። ተጫዋች ሲጠለፍ ወይም ሲመታ በነፃ የሚወረውረው 1 ነጥብ ነው። አዋቂዎች ከሩቅ ሲያስገቡ 3 ነጥብ ያገኛሉ። ለጀማሪ ልጆች ይህን ተዉት። ከሩቅ እንወርውር ብለው ልማዳቸውን ያበላሻሉ።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ትልቅ ተጫዋች የሚሆን ይኖራል? ሊኖር ይችላል። ላይኖርም ይችላል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። 30 ልጆች ሜዳ ገብተው 30ዎቹም «እችላለሁ» ብለው እንዲወጡ ነው። ልጁ እስኪያድግ ቅርጫቱ ይውረድለት። ቁመቱ ሲጨምር ቅርጫቱም ከፍ ይላል።

ተነጋገሩበት

1. በመንደራችን ትምህርት ቤት ያለው ቅርጫት ከፍታው ስንት ነው? በሜትር ለኩት።

2. ምሰሶው ይነቃነቃል? ማን ይፈትሸዋል?

3. ሴቶች ልጆቻችን በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጫወቱ ውኃውን ማን ይቅዳ?

4. ከመካከላችን ደብተሩን የሚይዘው ማን ነው?